የደቂቃ ቆጣሪው ሁለት መስመር መሃል ይቀመጣል፤ መሙያውን ስመልሰውም ይዘላል (ሴይኮ 5)

አራዳ_07፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰዓቱ ሴይኮ 5 አውቶማቲክ ነው፤ ከጀርባው 7ኤስ26 የሚል ተጽፎበታል። ሰከንድ ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ ደቂቃ ቆጣሪው መስመሩ ላይ መሆን ሲገባው ሁልጊዜ በሁለት መስመር መሃል ነው። መሙያውን ስቤ ልክ መስመሩ ላይ ካደረግኩት በኋላ ወደ ቦታው ስመልሰው አንዳንዴ ይዘላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፍንክች ሳይል ቆይቶ ግማሽ ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። መሙያው ሲሳብ ሰከንዱ አይቆምም፤ መሄዱን ይቀጥላል።

ሌላው ጥያቄዬ፣ ሰዓቱን የሞላሁት በእኛ አቆጣጠር ነው። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ቆጣሪው 1 ላይ ነው ማለት ነው። ቀኑ ግን የሚቀየረው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ይሄ ብልሽት ነው ወይስ የአሞላል ጉዳይ? ፒያሳ ወስጄ ከማስከፈቴ በፊት በእጄ ማድረግ የምችለው ካለ በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


ሞላ_ና_ዘይት፦

ወንድሜ፣ 7ኤስ26 የሚባለው የሰዓትህ ሞተር ሰከንዱን የሚያቆም ማገጃ የለውም፤ መሙያውን በማዞርም ሞላው አይጠብቅም፣ የሚጠብቀው በእጅ እንቅስቃሴ ነው። ይሄ አሠራሩ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። አዲሱ 4አር36 ሞተር ሁለቱም አለው፣ ያንተ ግን የድሮው ነው። ቢሆንም ሰዓቱን በትክክል ማስተካከል ይቻላል፤ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ፊቱን ወደላይ አድርገህ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በአግድም ወዲያና ወዲህ አወዛውዘው። ሊቆም የደረሰ ሰዓት ላይ የተስተካከለ ደቂቃ አይታመንም። ግን ቀኑን ሙሉ እጅህ ላይ ውሎ ሞላው ጥግ በደረሰበት ሰዓትም አትጀምር፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

አሁን መሙያውን እስከ መጨረሻው፣ ማለትም ሁለተኛው ማቆሚያ ድረስ ሳበው። ደቂቃ ቆጣሪውን ከትክክለኛው ሰዓት በአንድ ደቂቃ አካባቢ አስቀድመው፤ ነገር ግን ሰከንዱ 12ን በሚያልፍበት ቅጽበት ደቂቃው መስመሩ ላይ እንዲሆን አድርገህ። ስልኩን ለጊዜው እርሳው። በዚህ ደረጃ የምታስታርቀው የሰዓቱን ደቂቃና የሰዓቱን ሰከንድ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሁለቱን ሳያስታርቅ በቀጥታ ከስልኩ ጋር ሊያስታርቃቸው ይሞክራል።

ሁለቱ ሲስማሙ፣ መሙያው እንደተሳበ ሆኖ፣ ሰከንዱ 12 ላይ ሲደርስ መሙያውን ወደኋላ ለመዞር ያህል በጣም በቀስታ ጫን በለው። ደቂቃ ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ ሰከንዱ ቆሞ ይጠብቅሃል። ስልኩ ያንን ደቂቃ ሲደፍን እጅህን ለቀቅ አድርግ፣ ሰዓቱ ይነሳል። ሞላው ጥግ ከደረሰ ግን ጉልበቱ ስለሚበዛ በቀላል ግፊት አይቆምም፣ አጥብቀህ ስትጫን ደግሞ ደቂቃው ተንሸራቶ ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሞላው ጥግ በደረሰበት ሰዓት አትጀምር ያልኩህ ለዚህ ነው።

ማመሳከሪያህ ሰዓቱን ከኔትወርክ በራሱ የሚያስተካክል ስልክ ይሁን። ቴሌቪዥን ላይ በሚታየው ሰዓት አትሙላ፤ ዲጂታል ሥርጭት እቤትህ እስኪደርስ ሰከንዶች ይዘገያል።

ደቂቃውን መስመር ላይ ስታሳርፍ ደግሞ አምስት ደቂቃ ያህል አሳልፈህ ቀስ ብለህ ወደኋላ መልሰው። ከኋላ ወደፊት እየገፋህ እዚያው አታቁመው።


ቢላዋ_ጥርስ፦

ሞላ_ና_ዘይት ያለው ልክ ነው፤ የመጨረሻዋ አንቀጽ ግን ማብራሪያ ትፈልጋለች። “አሳልፈህ መልስ” የሚለው ምክር ለሁሉም ሰዓት እኩል አይሠራም። ነገሩ ያለው ደቂቃ ቆጣሪው ጉልበቱን ከየት ያገኛል የሚለው ላይ ነው።

ደቂቃ ቆጣሪው የተሰካበት ቱቦ መሳይ ክፍል ካኖን ፒኒየን ይባላል። ሥራው ሁለት ነው። ሰዓቱ ሲሄድ አብሮ ይዞራል፤ መሙያውን ስበህ ስታዞረው ደግሞ ያለ ጉዳት በግጭት ይንሸራተታል። በአብዛኞቹ የድሮ ሰዓቶች፣ በተለይ ሰከንዳቸው 6 ቁጥር አጠገብ ለብቻው ባለ ትንሽ ክብ ውስጥ በሚዞረው፣ ካኖን ፒኒየኑ በቀጥታ የመሃለኛው ጎማ ዘንግ ላይ ነው ተጭኖ የሚቀመጠው። በመሃላቸው ጥርስ ስለሌለ የጥርስ ክፍተትም የለም። ባላንሱ (ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት የሚወስነው ጎማ) መምታት ሲጀምር ደቂቃውም ወዲያው ይነሳል፤ ወደፊት ጨረስክ ወደኋላ ጨረስክ ልዩነት የለውም።

እንደ ኢቲኤ 2824-2 ባሉት የስዊስ የሰዓት ሞተሮች ግን ካኖን ፒኒየኑ የራሱ ጥርሳም ጎማ አለው፤ ጉልበቱም የሚመጣለት ጎን ካለ ሌላ ጎማ በጥርስ ነው። ጥርስና ጥርስ ሲገናኝ ደግሞ የግድ ትንሽ ክፍተት ይኖራል፣ የአሮጌ መኪና መሪ ጎማውን ሳይነካ ትንሽ እንደሚዞረው። ወደፊት እየገፋህ መስመሩ ላይ ስታቆመው ያ ክፍተት ከገፊው ጥርስ ፊት ለፊት ይከፈታል። ሰዓቱ ሲነሳ ገፊው ጥርስ መጀመሪያ ባዶውን መንገድ ይጨርስና ነው ደቂቃውን የሚገፋው። ሰከንዱ እየሄደ ደቂቃው ቆሞ የምታየው ያኔ ነው። አሳልፈህ ወደኋላ ከመለስከው ግን ጥርሱ ገፊው ላይ ተደግፎ ያርፋል፣ ባዶ መንገድ አይኖርም።

የራስህ ሰዓት የቱ ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም። ወደፊት እየገፋህ ጨርስና ሰከንዱ 12 ላይ ሲሆን ደቂቃውን መስመር ላይ አድርገህ ልቀቀው፤ ከሁለት ከሦስት ደቂቃ በኋላ ሰከንዱ 12 ላይ ሲደርስ ደቂቃው የት እንዳለ እይ። ከዚያ ወደኋላ እየመለስክ ጨርሰህ ያንኑ ድገም። አንዱ መስመሩ ላይ፣ ሌላው ከመስመሩ ኋላ ከሆነ የጥርስ ክፍተት ነው፤ የሚስማማውን አቅጣጫ ይዘህ መቀጠል ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ውጤት ካመጡ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ስለ መዝለሉ፦ ያ ብዙውን ጊዜ የጣት ጉዳይ ነው። መሙያውን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቆንጥጠህ ስትገፋው ሳታውቀው ታዞረዋለህ። ደቂቃውን ካሳረፍክ በኋላ ጣትህን ሙሉ በሙሉ አንሳ፤ ከዚያ በጥፍርህ ወይም በአውራ ጣትህ ለስላሳ ክፍል መሃሉን ብቻ ቀጥ አድርገህ ግፋው። ሴይኮ 5 ብዙዎቹ ላይ መሙያው 4 ቁጥር አጠገብ ስለሆነ እጅ ላይ ታስሮ ቀጥ አድርጎ መግፋት ያስቸግራል፤ አውልቀህ ጠረጴዛ ላይ አድርገው። ስታየውም ከላይ ቀጥ ብለህ ይሁን። ደቂቃ ቆጣሪው ከፊቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከጎን ሲታይ ግማሽ መስመር ያህል ያሳስታል፤ “ዛሬም ተዛነፈ” የሚባለው ግማሹ የአተያይ ስህተት ነው።


ጳጉሜን_6፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ እኔ ልመልሰው።

ቀኑ ማታ 12 ላይ መቀየሩ ብልሽት አይደለም። ቀን መቀየሪያው በሁለት ዙር አንዴ፣ የሰዓት ቆጣሪው 12 ቁጥርን ሲያልፍ ነው የሚሠራው። የፈረንጁን ሰዓት ለሚከተል ሰው ያ 12 እኩለ ሌሊት ነው። አንተ ግን ቆጣሪዎቹን በእኛ አቆጣጠር ስለሞላሃቸው 12 ቁጥር ላይ የሚደርሱት ንጋት 12 እና ማታ 12 ላይ ነው። ቀኑ ከሁለቱ በአንዱ መቀየሩ አይቀርም፤ በየትኛው እንደሚሆን የምትወስነው አንተ ነህ። ማታ ላይ የሆነው ሲሞላ የሰዓት ቆጣሪው አንድ ዙር ስለተሳተ ነው።

ቀናችን የሚጀምረው ንጋት ላይ ስለሆነ ንጋት 12 ላይ ቢቀየር ይሻላል። አሠራሩ ቀላል ነው። መሙያውን ሙሉ በሙሉ ሳብና ቆጣሪዎቹን ቀኑ እስኪቀየር ወደፊት አዙር። የተቀየረበት 12 ንጋት 12 ነው በል። ከዚያ ተነስተህ አሁን ያለህበት ሰዓት ድረስ ወደፊት ቀጥል። ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ 8 ላይ ታቆማለህ፤ ከምሽቱ 3 ከሆነ ግን 3ን አንዴ አልፈህ፣ 12ንም አልፈህ፣ ሁለተኛው 3 ላይ ነው የምትቆመው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። መሙያውን አንድ ማቆሚያ ብቻ ስቦ ቀኑን በፍጥነት መቀየር የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ ሴይኮ በመመሪያው ከማታ 9 እስከ ሌሊት 4 ይለዋል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በዚያ ጊዜ የቀን መቀየሪያው ጣት ከቀኑ ቀለበት ጥርስ ጋር ተያይዞ ስለሚቆይ በግድ ሲዞር ጥርሱ ይሰበራል ወይም ጣቱ ይጎብጣል። ይህ ሰዓት የቀን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን ቀን ጭምር ስለሚቀይር ጊዜው ረዘም ይላል። አንተ ንጋት 12 ላይ እንዲቀየር ስታደርገው ይህ የተከለከለ ጊዜ አብሮ ይዞርና ከሌሊቱ 9 እስከ ጧቱ 4 ይሆናል። ይሄ ማለት ሰው ጧት ለባብሶ ሲወጣ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ “ቀኑ ተሳስቷል” ብሎ የሚነካካበት ጊዜ ነው! የፈረንጁን ሰዓት የሚከተለው ሰው በዚያን ሰዓት ቢነካካው ምንም አይሆንም፤ የእኛው ነው የሚሰበረው። ቀን ማስተካከያህን ከሰዓት በኋላ አድርገው። ጧት የግድ ከሆነ ቆጣሪዎቹን መጀመሪያ ወደፊት አዙረህ 6 ቁጥር ላይ አድርሳቸው፣ ቀኑን ቀይር፣ ከዚያ ሰዓቱን መልሰህ ሙላ።

ወሩንም በእኛ የምትቆጥር ከሆነ ቀለበቱ 31 ቁጥር አለው፣ ወሮቻችን ደግሞ 30 ናቸው። በየወሩ መጨረሻ 31ን ማሳለፍ አለብህ። መስከረም 1 ላይ ደግሞ ጳጉሜን 5 ከነበረች ሰዓቱ 6 ይልሃል፣ ወደ 1 ለማምጣት 26 ጊዜ ማሳለፍ ነው፤ 6 ከነበረች 25። በዓመት 13 ጊዜ ማስተካከል ነው እንግዲህ፣ ፈረንጁ 5 ጊዜ ብቻ ሲያስተካክል። ለእኔ ቢሆን ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በእኛ ማድረግ ይቀለኛል፤ ምርጫው ግን የባለቤቱ ነው።


አራዳ_07፦

እግዜር ይስጥልኝ። የቢላዋ_ጥርስን ሙከራ አደረግኩት። በጥፍር ስገፋው መዝለሉ ጠፋ። ወደፊትም ወደኋላም ብጨርስ ውጤቱ አንድ ነው። ነገር ግን ጧት ልክ መስመሩ ላይ ያደረግኩት ሰዓት ማታ ላይ ሰከንዱ ከስልኩ ጋር እኩል ነው፣ ደቂቃው ግን ሁለት መስመር ወደኋላ ቀርቷል። መሙያውን ስቤ ሳዞርም በጣም ለስላሳ ነው፣ ምንም የሚይዘው ነገር ያለ አይመስልም። ባላንሱ ተስተካክሎ ይፍጠን?


ቢላዋ_ጥርስ፦

የለም የለም፣ ባላንሱን እንዳታስነካ። የጻፍከው ራሱ ምርመራው ነው። ሰከንዱ ልክ ከሆነ ባላንሱም፣ ሞላውም፣ ጎማዎቹም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። የሰዓቱ አካሄድ ቢዘገይ ኖሮ ሰከንዱም አብሮ ይዘገይ ነበር። ደቂቃው ብቻ ከቀረ፣ ሲዞርም እንደ ቅቤ ከለሰለሰ፣ ካኖን ፒኒየኑ ልል ሆኗል። መሃለኛው ጎማ ይዞራል፣ ካኖን ፒኒየኑ ግን አጥብቆ ስላልያዘው በየመሃሉ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ላይ “ፍንክች ሳይል ይቆያል” ያልከውም ይኸው ነው። በተለይ ቀኑ በሚቀየርበት ሰዓት አካባቢ ተከታተለው፤ የቀኑን ቀለበት ለመግፋት ተጨማሪ ጉልበት ስለሚጠየቅ ልል ካኖን ፒኒየን ይበልጥ የሚንሸራተተው ያኔ ነው።

ከማስከፈትህ በፊት ግን አንድ ነገር ለይ። ደቂቃ ቆጣሪው ራሱ ካኖን ፒኒየኑ ላይ የተሰካበት ቦታ፣ ማለትም ስኪው፣ ላልቶም ሊሆን ይችላል። የሚለዩት እንዲህ ነው፦ ሰዓቱን 12 ቁጥር ወደላይ እንዲሆን አቁመህ ሁለት ሰዓት ያህል ተወው። ከ12 ወደ 6 ሲወርድ የሚቀድም፣ ከ6 ወደ 12 ሲወጣ የሚዘገይ ከሆነ ቆጣሪው በራሱ ክብደት እየወደቀ ነው፣ ስኪው ላልቷል ማለት ነው። በሁሉም ቦታ እኩል የሚዘገይ ከሆነ ካኖን ፒኒየኑ ነው። ሌላም ምልክት አለ፤ ስኪው የላላ ከሆነ ደቂቃው 12 ላይ ሲሆን የሰዓት ቆጣሪው ቁጥሩ ላይ አያርፍም፣ ሁለቱ ይለያያሉ። ካኖን ፒኒየኑ ሲንሸራተት ግን ሁለቱም አብረው ስለሚዘገዩ እርስ በርሳቸው አይጣሉም። 6 ሰዓት ላይ አድርገህ እይ፤ ሁለቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ ስኪያቸው ደህና ነው።


ሞላ_ና_ዘይት፦

ይሄን ይዘህ ሰዓት ሠሪው ጋ ስትሄድ “ይዘገያል” ብለህ ብቻ አትስጠው። “ይዘገያል” የሚል ደንበኛ ከመጣ የብዙ ሰው እጅ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ባላንሱ ማፍጠኛ ነው። ያኔ ሰከንዱም ይበላሽና ሁለት ችግር ይዘህ ትመለሳለህ። “ሰከንዱ ልክ ነው፣ ደቂቃው ይቀራል፣ ካኖን ፒኒየኑን እይልኝ፣ ማፍጠኛውን አትንካው” በለው። ቃሉን ሲሰማ ፊቱን አይተህ ማን ጋ እንዳለህ ታውቃለህ።

ሥራው ቆጣሪዎቹንና ፊቱን ማንሳት ይጠይቃል፣ ባንተ ሰዓት ላይ ደግሞ የሳምንት ቀንና የቀን ቀለበቶቹም ይነሳሉ። ካኖን ፒኒየኑ ወገቡ ላይ ትንሽ የተረገጠ ቦታ አለው፤ ዘንጉን የሚይዘው በሱ ነው። ሲላላ ያንን ቦታ በማጥበቂያው መሣሪያ በትንሹ መርገጥ ነው። አንዳንዱ በወረንጦ ወይም በቆራጭ ፒንሳ ይጨምቀዋል፤ ውስጡ ልኩ የሆነ ሽቦ ወይም መርፌ ሳይገባበት ከተጨመቀ ቱቦው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። መጥበቁም ልክ አለው። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሰዓት በሞላህ ቁጥር የማስተላለፊያው ጎማ ጥርስ ይበላል፣ ቆጣሪውን ወደኋላ ስትመልስም ሰከንዱ አብሮ ወደኋላ ይሄዳል። ተሠርቶ ሲመለስልህ እዚያው ባንኮኒው ላይ መሙያውን ስበህ አዙረው፤ እኩል የሆነ፣ የሚይዝ ግን የማይጎረብጥ ስሜት መኖር አለበት። ዘንጉ ላይ ወፈር ያለ ቅባት በጣም በጥቂቱ ይደረጋል። ደረቅ ከተተወ ይፋቃል፣ ቀጭን ዘይት ከሆነ ደግሞ ይሸሻል።

ቆጣሪዎቹ ሲመለሱ ቀኑ የተቀየረበት ቅጽበት ላይ ሁለቱም 12 ላይ እንዲሰኩ ጠይቅ። የሰዓት ቆጣሪው በ1 ዲግሪ ቢሳሳት የ2 ደቂቃ ልዩነት ነው፤ ደቂቃ ቆጣሪው ግን አንድ መስመሩ 6 ዲግሪ ስለሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። ሥራው ካለቀ በኋላ 3፣ 6 እና 9 ላይ አይተህ ተቀበል። በአንድ ጎን ልክ ሆኖ በተቃራኒው ግማሽ መስመር ከሳተ ፊቱ መሃሉን ጠብቆ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ የአሞላል ስህተት አይደለም።


አራዳ_07፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ስኪው ቢሆን ኖሮ ትንሽ ሱፐር ግሉ አይበቃውም ነበር? አንድ ጓደኛዬ ለሱ ሰዓት እንዲያ ተደርጎለታል።


ቢላዋ_ጥርስ፦

በፍጹም። የሱፐር ግሉ ትነት የታሸገ ሰዓት ውስጥ መስታወቱንና ፊቱን በነጭ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ከዚያም ፈሳሹ በደቂቃውና በሰዓቱ ቆጣሪ ቱቦ መሃል ወርዶ ሁለቱን ካጣበቃቸው የሰዓት ቆጣሪው ከደቂቃው ጋር እኩል መዞር ይጀምራል፣ ወይም ሁሉም ነገር ይቆማል። የላላ ስኪ የሚጠገነው ቀዳዳውን በመምቻ ጠበብ በማድረግ ነው፤ ካልሆነ ልኩ የሆነ ሌላ ቆጣሪ ይገዛለታል። የጓደኛህ ሰዓት ላይ ወደፊት ፊቱን ማንሳት ካስፈለገ ቆጣሪው ከነካኖን ፒኒየኑ ተነቅሎ ይወጣል፣ ይህን ለሚከፍተው ሰው አስቀድሞ ቢነግረው ይሻላል።

ሲከፈት ደግሞ በር ላይ፣ መንገድ ዳር ከሆነ እሺ አትበል። መሃል ከተማው ላይ ያለውን አቧራ ታውቀዋለህ። ካኖን ፒኒየኑ ጥርስ ውስጥ የገባች አንዲት ቅንጣት ደቂቃውን በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ታስቀረዋለች፣ ያኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ልትፈልግ ነው።